ኮምቦልቻ ደሴ ስር ናት ወይስ ራሷን የቻለች ከተማ? ለስራ ልመጣ ነው

ማርቆሴው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ስራ ልጀምር ነው፣ ወሎን ደግሞ እስከዛሬ የማውቀው አንዴ ወደ ሰሜን ሳልፍ በአውቶቡስ መስኮት ነው፣ እሱንም ግማሹን መንገድ ተኝቼ። ባለቤቴ የት ነው የምንገባው ደሴ ነው ኮምቦልቻ ብላ ጠየቀችኝና መመለስ አቃተኝ፣ ምክንያቱም የቅጥር ደብዳቤው ኮምቦልቻ ይላል፣ ስራውን የጠቆመኝ ልጅ ደግሞ ደሴ ነው ብሎኝ ነበር፣ በረራ ሳይ ደሴ ያለውም ኮምቦልቻ ያለውም አንድ ቦታ ነው የሚወርደው። እኔ ምለው ኮምቦልቻ በደሴ ከንቲባ ስር ነው የምትተዳደረው ወይስ የራሷ አላት? ስፋቷስ ምን ያህል ነው፣ የህዝቧን ቁጥር ስፈልግ አንዱ ጋ 58 ሺህ አንዱ ጋ 85 ሺህ ሌላው ጋ ከዛ በጣም የበዛ አየሁና ተውኩት። ደሴ ተከራይቶ እየተመላለሱ መስራትስ ይቻላል? መታወቂያም ማዛወር አለብኝ፣ የት ሄጄ ነው የማወጣው? ብዙ ጠየቅኩ መሰለኝ ይቅርታ፣ ልጅ ስላለን ነው ዝም ብዬ ተነስቼ መሄድ ያልፈለግኩት።

ጦሳ_ስር፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ኮምቦልቻ ማለት የደሴ ጓሮ ናት በቃ። ሲበርደን ወርደን የምንሞቅባት። ሃሃሃ

የቦርከና_ልጅ፦
@ጦሳ_ስር ጓሮ ያልካት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ አውሮፕላን ማረፊያህ ያለው፣ ደረቅ ወደብህም፣ የምትለብሰው አንሶላም የምትጠጣው ቢራም እዚህ ነው የሚመረተው። ደሴ የሚሄድ ሰው በአውሮፕላን ሲመጣ እኛ ጋ ነው የሚያርፈው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ኮድ ግን የደሴ ነው። መሬቱ የኛ ስሙ የናንተ፣ ይሄንን ስናወራ ሀያ ዓመት ሆነን።

አሁን ለማርቆሴው። ወንድም አብሽር፣ ነገሩ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ ራሷን የቻለች ከተማ አስተዳደር ናት፣ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ የራሷ ከንቲባ አላት፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት አላት። የደሴ ከንቲባ እዚህ መጥቶ ቡና ሊጠጣ ይችላል እንጂ ማዘዝ አይችልም። ሰው የሚምታታበት ሁለቱም ደቡብ ወሎ ውስጥ ስለሆኑና የዞኑ መቀመጫ ደሴ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ የዞን ጉዳይ ያለው ሰው ዳገቱን ይወጣል። በዛ ላይ በድሮው አስተዳደር ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ ዋና ከተማው ደሴ ነበር፣ ያኔ ያደጉት አባቶቻችን አሁንም አዲስ አበባ ላይ ከየት ነህ ሲባሉ ከደሴ ነው ይላሉ፣ ኮምቦልቻ ካልክ የሀረርጌዋ ናት ወይ ብለው ስለሚጠይቁህ። አዎ ሀረርጌም ኮምቦልቻ አለች። ስሙ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፣ እኛ አጣጥ የምንለው፣ ስለዚህ ዛፉ ያለበት አገር ሁሉ ኮምቦልቻ ቢኖር አይገርምም።

ስለ መታወቂያው ሌሎች ይንገሩህ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ስለወጣሁ ማዛወር ምን እንደሆነ አላውቅም።

የቻክ_አቧራ፦
ጂኦግራፊ ነው የማስተምረውና ስለቦታው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም አቀማመጡን ካላየህ ደሴ ልኑር ወይስ ኮምቦልቻ የሚለውን መወሰን አትችልም።

ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከሚሴን አልፈህ፣ የጨፋን ሜዳ አልፈህ፣ ሐርቡን አልፈህ ነው ኮምቦልቻ የምትገባው፣ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ደሴ 400 ላይ ናት። በመሀል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በካርታ ላይ ስታየው የጎረቤት ሰፈር ነው የሚመስለው። ግን ኮምቦልቻ ያለችው ከ1842 እስከ 1915 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ደሴ ደግሞ ከ2470 እስከ 2550። 600 ሜትር ማለት ነው ልዩነቱ፣ ያንን ሁሉ የምትወጣው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይቀዘቅዛል ብለህ ብታሰላው አራት ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ታች በቲሸርት የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና መብራት ብቻ እያየ ነው የሚነዳው፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ጠርዙን ያይለታል።

ደሴ በምዕራብ ጦሳ በምስራቅ አዝዋ ገደል ይዟት ተራሮች መሀል የተቀመጠች ጠባብ ከተማ ናት፣ የምትሰፋበት የላትም፣ ወደ ጎን ስትገፋ ዳገት ነው፣ ዳገቱም ዝናብ ሲበዛ የሚንሸራተት አፈር ነው፣ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ ቤቶች ታያለህ። ኮምቦልቻ ደግሞ ከዛው ተራራ እግር ስር የተዘረጋ ሜዳ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ ለምን እዛ ሆነ ለሚል መልሱ ይሄው ነው፣ ደሴ ላይ ማኮብኮቢያ የሚዘረጋበት ሜዳ ከየት ይመጣል። ፋብሪካውም እንደዛው። ሌላው መንገዱ ነው፣ ጣሊያን በያዘን ጊዜ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰውን መንገድ ሰራ፣ ከዛ ወዲህ ኮምቦልቻ ማለት ከባድ መኪና የሚያድርባት መስቀለኛ ሆነች። አሰብ በ1990 ከቀረ በኋላም ያው መንገድ በሚሌ በኩል ጅቡቲ ይወስዳል።

የቦርከናን ወንዝ ደግሞ ልጆቼን ሁሌ የምጠይቃቸው ነው። ከደሴ በላይ ካለው ተራራ ይነሳል፣ ደሴን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ዶሮ መዝለያ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል፣ ከዛ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ወርቃንና ሌሎቹን ትንንሽ ወንዞች ይዞ ጨፋ ረግረጉ ውስጥ ይገባና ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ስለዚህ ደሴ የጣለችው ፌስታል ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች የሚለቁት ደግሞ ከታች ያለው ገበሬ ጋ ይደርሳል። ሁለት ከንቲባ አንድ ወንዝ። ይሄ ለኔ ከድንበሩ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው ግን ጥያቄህ እሱ ስላልሆነ ልተወው።

ማርቆሴው፦
ወይኔ በጣም አመሰግናለሁ፣ መምህር እርስዎ እኛ ጋ ቢያስተምሩ ጂኦግራፊ አልወድቅም ነበር። ቁጥሩን ግን ማንም አልነገረኝም፣ ስራዬ ሂሳብ ስለሆነ ነው መሰለኝ 58 እና 85 እየተባለ መሄዱ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፊደል የተገላበጠ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ።

ሰንጠረዥ፦
ሃሃ አልተገላበጠም፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አስረዳሃለሁ፣ ረጅም ነው ግን ታገሰኝ።

በ1999 ቆጠራ የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ጠቅላላ ህዝብ 85,367 ነው፣ ወንድ 41,968 ሴት 43,399። ከዚህ ውስጥ ከተሜ ተብሎ የተቆጠረው 58,667 ነው። የቀረው 26,700 ሰው በከተማው አስተዳደር ስር ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ የሚኖር ገበሬ ነው። እንግዲህ አንዱ ጸሀፊ ከተማዋን ሲል አስፋልቱንና ቆርቆሮውን ያስባል፣ አንዱ ደግሞ ከንቲባው የሚያስተዳድረውን ሁሉ ያስባል፣ ሁለቱም ኮምቦልቻ ብለው ይጽፉታል። ደሴም እንደዛው ነው፣ ጠቅላላው 151,174 ከተሜው 120,095፣ ሰው ግን የሚጠቅሰው ትልቁን ነው ምክንያቱም ትልቅ ስለሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ሂድ። በ1987 ቆጠራ ኮምቦልቻ 39,466 ደሴ 97,314 ነበሩ። ከተሜውን ከከተሜው ጋ ካነጻጸርከው በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ኮምቦልቻ በግማሽ ያህል አድጋለች፣ ደሴ ደግሞ ሩብ እንኳን አልሞላም። ይሄን ለጦሳ_ስር አንብብለት። ድሮ ደሴ ሁለት ኮምቦልቻ ተኩል ነበረች፣ በ1999 ሁለት ኮምቦልቻ ሆነች፣ እያለ እያለ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ቆጠራ የለም ወንድሜ። አራተኛው ቆጠራ ሊካሄድ ተብሎ በ2011 ተራዘመ፣ ይኸው እስካሁን። ስለዚህ ያየኸው ትልቁ ቁጥር በ1999ኙ ላይ የዕድገት መጠን እየተባዛ የመጣ ፕሮጀክሽን ነው፣ ፕሮጀክሽን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ አያውቅም፣ በ2009 ሐምሌ ፓርኩ ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡትን ልብስ ሰፊ ልጆች አያውቅም፣ አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩትን ማን ቆጠራቸው? ወሎ ዩኒቨርስቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ካምፓስ አለው፣ ተማሪውም አለ። በ2014 ጦርነት ጊዜ የወጣም አለ የተመለሰም አለ ያልተመለሰም አለ። እኔ ከተማው ስንት ነው ስባል 85 ሺህ የሚለው የ1999 ነው ብዬ ዓመቱን ጠርቼ ነው የማወራው፣ ዓመት የማይጠራ ሰው ቁጥር ሲነግርህ ዝም ብለህ ስማውና እለፈው።

የቃሉ_ሰው፦
ሰንጠረዥ ጥሩ ብለሀል ግን አንድ ነገር ረሳህ፣ ኮምቦልቻን ዙሪያዋን የከበባት ቃሉ ወረዳ ነው፣ እኛ ደግሞ በ1999 186,181 ነበርን። ቅዳሜ ገበያ ላይ የምታየው ህዝብ፣ ሆስፒታል የሚሰለፈው፣ ባጃጅ የሚሞላው፣ ግማሹ ቃሉ ነው። ማታ ሲሆን ከተማው ይቀንሳል።

ማርቆሴው ስለ መታወቂያ ስለጠየቅክ የኔን ልንገርህ። ቤቴ ከከተማው ጫፍ ነው፣ ከአስፋልቱ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ልጆቼ ከተማ ይማራሉ እኔም ከተማ ነው የምሰራው። አንድ ጊዜ ወረቀት ፈልጌ አንዱ መስሪያ ቤት ስሄድ አንተ የከተማው ነህ አሉኝ፣ ከተማው ጋ ስሄድ አንተ የወረዳው ነህ አሉኝ። ማስተር ፕላኑ ውስጥ ገብቷል ግን ርክክብ አልተደረገም ነው ነገሩ። ስድስት ወር ተመላልሼበታለሁ፣ በመጨረሻ የፈረሙልኝ አንዱ ሰውዬ ስለታከታቸው ይመስለኛል እንጂ መልስ አግኝተው አይደለም። ስለዚህ ቤት ስትከራይ ርካሽ አገኘሁ ብለህ ጫፍ ላይ እንዳትገባ፣ መጀመሪያ አከራይህን ውሃና መብራት ሳይሆን "ቀበሌው የማን ነው" ብለህ ጠይቅ።

የጫፍ መሬት ነገር እንዲህ ነው፣ ከተማው ሲሰፋ የገበሬው ማሳ ወደ ከተማ ክልል ይገባል፣ ከዛ ወዲያ መሬቱ በሊዝ አዋጅ 721/2004 ነው የሚሄደው፣ ገበሬው ካሳ ይከፈለዋል፣ መሬቱ ለፋብሪካ ወይ ለማህበር ቤት ይሰጣል። ትላንት ማሽላ የነበረ ዛሬ አጥር ነው። የኔ አጎት የአጥሩ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል በገዛ መሬቱ ላይ፣ ሲጠየቅ ድሮም ወፍ እጠብቅ ነበር ይላል።

የቦርከና_ልጅ፦
@የቃሉ_ሰው ያልከው እውነት ነው፣ ወላሂ አስቀኸኛል ደግሞም አሳዝነኸኛል።

ማርቆሴው አንተ መሀል ከተማ ከተከራየህ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብህም። ከማርቆስ ቀበሌህ መሸኛ ታወጣለህ፣ ሳትይዝ እንዳትመጣ፣ ሰው ይረሳዋል ከዛ ለአንድ ወረቀት ያን ሁሉ መንገድ ይመለሳል። እዚህ ስትደርስ የተከራየህበት ቀበሌ ጽህፈት ቤት ነው የምትሄደው፣ የቤት ኪራይ ውልና መሸኛውን ይዘህ። ፋይዳ ካለህ ያዘው፣ ግን ፋይዳ አለኝ ብለህ መሸኛውን እንዳትተው።

ስለ አስተዳደሩ ደግሞ ለሂሳብ ሰው የሚገባ ነገር ልጨምርልህ። ምክር ቤቱ በህዝብ ይመረጣል፣ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ይሾማል። ከዛ ስራው ሁለት ኪስ አለው በል። ትምህርት ጤና ምናምን የሚባለው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ነው በአብዛኛው የሚሄደው። ቆሻሻ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቄራ፣ ገበያ፣ የመንገድ መብራት ደግሞ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ነው፣ እሱን ስራ አስኪያጁ ነው የሚመራው፣ ገንዘቡም ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ነው፣ ከሊዝ፣ ከኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። ስለዚህ ሰፈርህ ኮብልስቶን ካልተነጠፈ ክልሉን አትሳደብ። እዚህ ሰፈር ሰው አዋጥቶ ነው ግማሹን የሚያነጥፈው።

ዳገት_ቁልቁለት፦
እኔ ነኝ የምትፈልገው ሰው። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ እሰራለሁ፣ አራተኛ ዓመቴ ነው።

ይቻላል። ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ይሞላል ይወርዳል። መንገዱ ደህና ከሆነ አርባ ደቂቃ፣ ከባድ መኪና ከፊትህ ከገባ ግን አንድ ሰዓት፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ አንድ ተሳቢ ከተበላሸ ዛሬ ስራ የለም በለው። ታሪፉን አልጽፍልህም ዛሬ ጽፌ ነገ ይቀየራል፣ ብቻ የወር ደሞዝህ ላይ በደንብ ይታያል፣ በተለይ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሹፌሩ ያለህ ነው ታሪፉ። እኔ የምመላለሰው እናቴ ሸዋ በር ስላለችና ብቻዋን ትቻት ስለማልወርድ ነው። አንተ ምን አስሮህ? ፋብሪካ ደግሞ ሺፍት ካለው፣ የወር መጨረሻ ሂሳብ ስትዘጋ ማምሸትህ አይቀርም፣ ያኔ ኮምቦልቻ ላይ ቀረህ ማለት ነው። ሚስትህ የምትሰራው ደሴ ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ወባን ግን አስብ። ደሴ ላይ ብርድ እንጂ ወባ አናውቅም፣ ታች ግን ወቅቱ ሲደርስ አለ፣ በተለይ ዝናቡ ሲያባራ መስከረም ጥቅምት። ልጅ አለን ስላልክ ነው። አጎበር ያዙ፣ ውሃ ካቆረ ቦታ አጠገብ አትከራዩ፣ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ዋጋው ለምን እንደወረደ ያኔ ይገባሃል።

ጦሳ_ስር፦
ቀልዴን ትቼ ልናገር እንግዲህ ሁላችሁም ተነሳችሁብኝ። ደሴን የመሰረቱት አጼ ዮሐንስ ናቸው፣ በ1870ዎቹ፣ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ብሏቸው ነው ስሙ የመጣው ይባላል፣ ንጉስ ሚካኤል ደግሞ አሳደጓት፣ የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍን እዚህ ሰሩ። ኮምቦልቻ ግን ጣሊያንና ፋብሪካ ነው ያሳደጋት። ስለዚህ ደሴ ስትመጣ ሰው አባትህ ማነው ይልሃል፣ ኮምቦልቻ የት ነው የምትሰራው ይልሃል። እንግዳ ለሆነ ሰው ሁለተኛው ይቀላል፣ ስለዚህ እኔም ኮምቦልቻ ኑር ባይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ውጣ፣ ፒያሳ ሻይ አለብህ፣ ልጁን ይዛችሁ ሐይቅም ሂዱ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው።

የቦርከና_ልጅ፦
በመጨረሻ አመንክ። ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

የቻክ_አቧራ፦
@የቦርከና_ልጅ ባቡሩ ሲጀምር ደግሞ ስንት ትላላችሁ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ማለቴ ነው፣ ልጆቼን ሀዲዱን ላሳይ ወስጃቸው አንዱ "ቲቸር ባቡሩስ" አለኝ፣ እሱን ቀጣይ ክፍል እንማራለን ብዬ መለስኳቸው።

ማርቆሴው፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ለባለቤቴ ከላይ እስከታች አነበብኩላት፣ የአጎታችሁ ነገር ላይ ስትስቅ ቆይታ ዝም አለች። ኮምቦልቻ መሀል ከተማ ነው የምንከራየው፣ መሸኛውን ነገ ጠዋት ላወጣ ነው። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፣ የእሷ ነው፣ ከባዱን ብርድ ልብስ እንጫን ወይስ እዚሁ ለእህቷ ትስጥ?

ዳገት_ቁልቁለት፦
ለኮምቦልቻ አያስፈልግም። ጦሳ_ስር ቤት ለምታድሩበት ቅዳሜ ግን ጫኑት።